ስምዎን ጠርቶ ቢደውልስ?

ካቺሲ ያለችው አክስቴ ጋ አንድ ሰው ደውሎ፣ በጥሩ ኦሮምኛ፣ «ከቴሌ ነው፤ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ኮድ ያንብቡልኝ» አላት። ያሳመናት ኦሮምኛው ብቻ አልነበረም፤ ስሟን ከነአባቷ ጠራው። «የቢሮ ሰው ካልሆነ በምን አወቀኝ?» ትላለች።

መልሱ ቀላል ነው። ቴሌብር ላይ የማንንም ስልክ ቁጥር አስገብታችሁ ገንዘብ መላክ ስትጀምሩ፣ ሳታጸድቁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ብር ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ የተደረገ ጥሩ ነገር ነው፤ ሌባውም ይኸው ተጠቀመበት። ስለዚህ ስም ማወቁ ምንም አያረጋግጥም።

የሚስጥር ቁጥርና ኮድ የሚጠይቃችሁን ሰው አትከራከሩት፤ ዝጉና ራሳችሁ 994 ላይ ደውሉ። አክስቴን ያስቸገራት ግን መዝጋቱ ነበር፦ «እያናገረኝ ያለ ሰው ላይ እንዴት እዘጋለሁ? ነውር አይደል?»