ዋርካውና ሰንሰለቱ

የርስት ምስክሩ አንዳንድ ጊዜ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ ዛፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ወረቀት ነው። እኛ በመዝገብ ቤት የምንሠራ ሰዎች ግን ዘወትር የምናየው ወረቀቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ የቀሩትን ምስክሮች ለመርሳት ቅርብ ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛችን ቀርበው የይዞታቸውን አዋሳኝ እንድንገለብጥላቸው ለመኑን። በአሮጌው ጽሑፍ ላይ «በምሥራቅ ትልቁ ዋርካ» የሚል ቃል ነበረ፤ እኛም አንዳች ሳንጠይቅ እንዳለ ገለበጥነው። ዋርካው ግን ከተቈረጠ ብዙ ዘመን አልፎት ነበርና ሽማግሌው ከጎረቤታቸው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ተካሰሱ። እሳቸው አልወቀሱንም፤ እኛ ግን ኅሊናችን ሳይወቅሰን አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ መሬት ልኬት የተጻፈ ነገር ባገኘን ቊጥር ማንበብ ልማዳችን ሆነ። ከሁሉም ይልቅ ያስተማረን የአሜሪካ ጠረፍ ታሪክ ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በኬንተኪ መሬት ፈላጊው የወደደውን ቦታ ራሱ መርጦ፣ ከጅረቱ ዳር እስከ እገሌ ዛፍ እያለ ያስመዘግብ ነበር። ዛፉ ይወድቃል፤ ጅረቱም መንገዱን ይለውጣል። ከዚህም የተነሣ አንዱ መሬት ለሁለትና ለሦስት ሰው ተጽፎ ይገኝ ነበር። ለዚያ አገር መንገድ የጠረገው ዳንኤል ቡን፣ ራሱ ቀያሽ ሳለ፣ በሺህ የሚቈጠር ኤከር አስመዝግቦ በማስረጃ ጉድለት፣ በክርክርና በዕዳ አጣውና በ1799 ወደ ሚዙሪ ሄደ። የአብርሃም ሊንከን አባትም በ1816 ኬንተኪን ለቀው ወደ ኢንዲያና ተሻገሩ፤ ልጃቸው ኋላ እንደ ጻፈው፣ አንዱ ምክንያት ባርነት ሲሆን ዋናው ግን የርስት ማስረጃ ችግር ነበር። ይኸው ልጅ ጎልምሶ በ1833 በኢሊኖይ ምክትል ቀያሽ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1785 ባወጣው ደንብ፣ ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ያለው አገር ከመሸጡ አስቀድሞ በቀጥታ መስመር እንዲለካ አዘዘ። መለኪያው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ጉንተር የፈለሰፈው ሰንሰለት ነበር፤ 100 ቀለበቶች ያሉት ሆኖ ርዝመቱ 20 ሜትር ያህል ነው፤ 80 ጊዜ ሲዘረጋም አንድ ማይል ይሞላል። አገሩ በየአቅጣጫው 6 ማይል በሆነ አራት ማዕዘን ተከፈለ፤ ያም ደግሞ እያንዳንዱ 640 ኤከር ወደ ሆነ 36 ክፍል ተመደበ። 16ኛው ክፍል ለሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲሆን ተለየ፤ መምህራን አንባቢዎቻችን ይህን ሳያመሰግኑ አያልፉም። የኤከሩ ዋጋ ከአንድ ዶላር የማያንስ፣ ትንሹም ሽያጭ 640 ኤከር ስለ ነበረ፣ ድኻው ገበሬ ሊገዛ አልቻለም። በ1820 በወጣው ሕግ ግን 80 ኤከር በ100 ዶላር ለመግዛት ተቻለ።

እስከዚህ ድረስ ስናነብ፣ ምነው ለሽማግሌውም እንዲህ ያለ ሰንሰለት በኖረ አልን። ወረድ ስንል ግን ደስታችን ቀዘቀዘ። ቶማስ ሃቺንስ የተባለው የመንግሥት ቀያሽ በ1785 ሥራውን እንደ ጀመረ፣ የነባሮቹን ሕዝቦች ጥቃት ፈርቶ ጥቂት ማይል ብቻ ለክቶ አቆመ። በዚያ አገር ሸዋኒ፣ ዴላዌርና ማያሚ የሚባሉ ሕዝቦች ያርሱና ያድኑ፣ ሙታናቸውንም ይቀብሩ ነበርና። እነዚህ ሕዝቦች በ1794 በጦርነት ተሸንፈው፣ በ1795 በግሪንቪል በተደረገው ውል የዛሬውን የኦሃዮ ግዛት አብዛኛውን ክፍል ለቀቁ። ሰንሰለቱ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለውን ክርክር ያበርዳል እንጂ፣ መሬቱ አስቀድሞ የማን ነበር የሚለውን አይጠይቅም።

አባቶቻችን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላሉ። ልኬቱ ምንም የቀና ቢሆን፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ያሰመሩት መስመር ቀና ሊባል አይችልም። ስለዚህ ዛሬ አዋሳኝ የሚያስገለብጥ ባለጉዳይ ሲመጣ፣ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ምልክቱ ዛሬም በቦታው አለ ወይ? በመሬቱስ ላይ የሚኖረው ማን ነው? ይህን በመጠየቃችን ሥራው ጥቂት ይዘገያል፤ ሁለት ዓመት ግን አይዘገይም።