ቤት ሸጦ መርከብ ላይ መግባት

አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው የመዝናኛ መርከብ 365 ሜትር ርዝመትና 20 ፎቅ አላት። ፊንላንድ ቱርኩ ላይ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ስትጀምር በግዙፍነት የሚስተካከላት የመዝናኛ መርከብ አልነበረም። ጢም ብላ ስትሞላ መንገደኛው እስከ 7,600፣ ሠራተኛው 2,350 ይደርሳል። ዛሬ ምስሏ እንደገና በየስልኩ ሲዞር ዋለና የብዙ ሰው ጥያቄ አንድ ሆነ፤ የቤት ኪራይ እንዲህ ካስመረረ ጠቅልሎ መርከብ ላይ መግባት አይሻልም ወይ?

የሞከሩ አሉ። ዘ ወርልድ የተባለችው መርከብ ከ2002 ጀምሮ ዓለምን ትዞራለች፤ 165ቱ መኖሪያ ቤቶቿ የነዋሪዎቿ ናቸው፣ ወዴት እንደምትሄድም እነሱ ይወስናሉ። ይህ ግን የባለጸጋ ኑሮ ነው። በ2020 የቢትኮይን ወዳጆች ያገለገለች መርከብ ገዝተው፣ ሳቶሺ ብለው ሰይመው፣ ፓናማ አጠገብ መንደር ሊያደርጓት ተነሡ፤ ኢንሹራንስ የሚገባላት ጠፍቶ ነዋሪ ሳይገባባት ቀረ። በ2024 ደግሞ ለዓመታት ዓለምን ልትዞር የተዘጋጀችው ቪላ ቪ ኦዲሴይ በጥገና ምክንያት ቤልፋስት ላይ አራት ወር ገደማ ቆመች። ተሳፋሪዎቿ ቀን ገብተው ይበሉ፣ ሲመሽ ይወጡ ነበር።

በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ስሙ የማይነሣው ሠራተኛው ነው፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ብዙ የመዝናኛ መርከቦች የሚያውለበልቡት የባሃማስን ወይም የፓናማን ባንዲራ ነው። ኩባንያው አሜሪካ ተቀምጦ ሠራተኛው የሚዳኘው በሌላ አገር ሕግ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሚያስገድደው ዕረፍት በ24 ሰዓት ውስጥ 10 ሰዓት ብቻ ነው። ከፊሊፒንስ ወይም ከኢንዶኔዥያ የመጣው ወጣት ወራቱን ሙሉ የሌላውን አልጋ ሲያነጥፍ ይውልና ማታ ታች ወርዶ፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ይተኛል። በኮሮና ጊዜ መንገደኛው ወደ ቤቱ ከተሸኘ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለወራት ባሕር ላይ ቀርተዋል። ይህ ግፍ ነው።

ያው ዘመን የወደብንም ነገር ገልጦታል። በፌብሩዋሪ 2020 ዌስተርዳም የተባለችውን የመዝናኛ መርከብ ኮሮናን የፈሩ አምስት ቦታዎች አናስገባም አሏት፤ በመጨረሻ የተቀበለቻት ካምቦዲያ ናት። ነዳጁም፣ ቀለቡም፣ ትልቁ ሐኪም ቤትም ያለው የብስ ላይ ነው።

ቤቱን ሸጦ መርከብ ላይ ሊገባ ያሰበ ሰው ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ፤ ባንዲራዋ የማን ነው? ኢንሹራንስ የገባላት ማን ነው? ሲታመም የሚቀበለው ወደብ የትኛው ነው? ሠራተኛውስ እንዴት ያድራል? መልስ ካላገኘ ቤቱን አይሽጥ።