የመስኮት ጓሮ

አገር ቤት ክረምት ሲገባ ጓሮው ራሱ ያውቅበታል። እዚህ ስቶክሆልም ግን ብርሃንም ይቆጠራል፤ በታኅሣሥ ቀኑ 6 ሰዓት ያህል፣ በሰኔ ከ18 ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ ቃሪያውን በየካቲት፣ መስኮት ሥር በአምፖል ብርሃን እንዘራለን፤ በረንዳ የምናወጣው ውርጩ ሲያልፍ፣ በግንቦት ማለቂያ ነው። ጎመን ግን አይበገርም፤ ውርጭ ሲነካው እንዲያውም ይጣፍጣል። ቱሊፕማ በጥቅምት ተቀብሮ ብርዱን ካልቀመሰ አያብብም።

«ነገ ትሄዱ የለ፣ ምን አስተከላችሁ?» ይሉናል ጓደኞቻችን። እውነት ነው፣ ተማሪ እንግዳ ነው። ግን ወገን፣ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ ስንት ዓመት ይገፋል? «አገሬ ስገባ እኖራለሁ» እያልን ዕድሜያችንን በይደር ማቆየቱ አልሆንልን አለ። ቃሪያው ከደረሰልን ለሽሮው ነው፤ ካልደረሰልንም ክፍሉን የሚረከበው ተማሪ ይቅጠፈው። አፈሩን ብቻ አደራ፣ እንዳይጥለው።