ፈረስና ጋላቢ

የሰው ልጅ ከእንስሳ የሚለየው በጕልበት አይደለም፤ በጕልበትስ ፈረስ ይበልጠዋል፤ በሩጫም ሚዳቋ ትቀድመዋለች። ሰው ሰው የተባለው ይህን ላድርግ፣ ያንን ልተው ብሎ በገዛ ፈቃዱ የሚመርጥ ስለ ሆነ ነው። ይህ ፈቃድ ተወስዶ ሌላው የሚያዝዝበት ቢሆን፣ እጁ እጅ፣ እግሩም እግር እንደ ሆነ ይቀራል፤ የቤቱ ጌታ ግን በቤቱ የለም። የአገራችን ሰው ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ ዛር ሰፍሮበታል የሚባለውን ሰው «የዛር ፈረስ» ይለዋል፤ ፈረስ በጋላቢው ፈቃድ እንጂ በራሱ ፈቃድ አይሄድምና።

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ማዶ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው ጐዳና ላይ ባለችው በሱሉልታ ከተማ አንድ አናጢ ይኖራል። ሚስቱ ሞታበት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ያሳድጋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከአስፋልቱ ዳር ወዳለው ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል። አባት አንድ ቀን ሊፈልገው ሄዶ ከበሩ ላይ ቆሞ ቢመለከት፣ ልጁ መጫወቻውን በሁለት እጁ ጨብጦ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውን ወታደር ያስሮጠዋል፤ ያስተኵሰዋል። ጥቂት ቆይቶ ወታደሩ ተመትቶ ወደቀ።

«ሞተ እንዴ?» አለ አባት።

«ሞተ አባዬ፤ ግን አሁን ይነሣል» አለ ልጁ ዓይኑን ሳያነሣ። ወታደሩም ተነሣ።

በአናጢው ቤት የእኅቱ ልጅ ተጠግቶ ይኖራል። ይህ ጐልማሳ በ2016 ዓ.ም. ለኮምፒውተር ሥራ ወደ ታይላንድ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ በ2017 ዓ.ም. ባዶ እጁን ተመለሰ። ስለ ነበረበት አገር ቢጠይቁት «ደኅና ነበርሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይመልስም። ሌሊት እንቅልፍ ስለማይወስደው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያነጋል። አጥር ለአጥር የምትዋሰናቸው ወተት ሻጭ መበለት ወተት ልታደርስ ስትመጣ፣ ልጅዋም እንደ እርሱ ወደ ታይላንድ ሊሄድ መሆኑን፣ ለደላላውም ብር ሁለት ላሞችዋን መሸጥዋን በደስታ ነገረችው። እርሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ይህን ከነገረችው ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

በዚያው ክረምት በአንድ እሑድ ማታ ልጁ «ጌመር» የሚባለውን ፊልም አምጥቶ ከፈተ፤ ሦስቱም ተቀምጠው ያዩ ጀመር። ጌመር ማለት ተጫዋች ማለት ነው። ማርክ ኔቨልዲንና ብራያን ቴይለር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሠርተውት፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2009፣ በእኛም በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ለሕዝብ የታየ ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። ካስል የሚባል አንድ ባለጸጋ፣ በሰው አንጎል ውስጥ ገብቶ የተፈጥሮውን ሕዋስ እየተካ የሚራባ እጅግ ረቂቅ መሣሪያ ፈልስፎ፣ አንዱ ሰው የሌላውን ሰው አካል ከሩቅ ሆኖ እንዲያንቀሳቅስ አድርጎአል። በዚህም ሁለት ጨዋታ አቆመ። በአንደኛው ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች በእውነተኛ ጥይት ይገዳደላሉ፤ የሚያዋጋቸው ግን በየቤቱ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ነው። እስረኛው 30 ጦርነት ከወጣ ነፃ ይለቀቃል ተብሎአል። በሁለተኛው ጨዋታ ደግሞ ድኾች ደመወዝ እየተቀበሉ ገላቸውን ያከራያሉ፤ ገንዘብ የከፈለው ሁሉ እንዳሻው ያለብሳቸዋል፤ ያናግራቸዋል፤ ያዋርዳቸዋል።

ከእስረኞቹ መካከል ቲልማን የሚባለው፣ በጨዋታው ስሙ ኬብል፣ ከሁሉ ይልቅ ለነፃነቱ ቀርቦአል፤ ጄራርድ በትለር የሚባለው ተዋናይ እርሱን ሆኖ ይሠራል። የሚያንቀሳቅሰውም ሳይመን የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ነው። ቲልማን የተፈረደበት ጓደኛውን ተኵሶ ገድሎ ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ መሣሪያው ሲፈተን በእርሱ እጅ ያስተኰሰው ካስል ነበር። እንግዲህ ፈረሱ ታስሮ ጋላቢው በሰገነት ይኖራል።

የአናጢው ልጅ በተኵሱ እየተደሰተ ተመለከተ። በዚህ ነገር ፊልሙ ራሱ ከነቀፋ አያመልጥም። የሰውን ደም ለገንዘብ የሚያሳየውን ካስልን እየወቀሰ፣ እርሱም ያንኑ ደም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አስጊጦ ለገንዘብ ያሳያልና። ተመልካቹም ሳያውቀው ከከፋዮቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ሰሙ ተኵስ ስለ ሆነ ብዙዎች በሰሙ ረክተው ይሄዳሉ፤ ወርቁን ግን በዚያች ሌሊት ያገኘው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነበር።

የቲልማን ሚስት አንጂ በሁለተኛው ጨዋታ ተቀጥራ ገላዋን ታከራይ ነበር። ከፋዩ ፊቱን ሳያሳይ በእርስዋ አፍ እየተናገረ፣ በእርስዋ እግር ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ በሚታይበት ጊዜ፣ የእኅት ልጅ ድንገት ተነሥቶ ወጣ። አናጢው ጋቢውን ደርቦ ተከተለው። ዝናሙ አባርቶ ከሜዳው ብርድ ይነፍስ ነበር።

«ጋሼ፣ ያቺን ሴት አዩዋት?» አለ ጐልማሳው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ። «እኔ እርስዋ ነበርሁ።»

ከዚያም የደበቀውን ሁሉ ተረከለት። ባንኮክ በደረሰ ጊዜ የተቀበሉት ሰዎች በመኪና ሌሊቱን ወደ ምዕራብ ወስደው ወንዝ አሻግረው በምያንማር አገር፣ ምያዋዲ በምትባለው ከተማ አጠገብ ካለ ቅጥር ግቢ አገቡት። ፓስፖርቱን ቀሙት። ስልክና ኮምፒውተር ሰጥተው የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶግራፍ አሳዩትና «ከዛሬ ጀምሮ አንተ እርስዋ ነህ» አሉት። የሚጽፈው ቃል ተጽፎ ይሰጠዋል። በሩቅ አገር ያሉ ብቸኞች ሰዎችን በፍቅር ቃል እያለዘበ፣ ኋላ ገንዘባቸውን በሐሰተኛ ንግድ እንዲያስገቡ ማድረግ ሥራው ሆነ። የታዘዘውን ያህል ያላስገባ ሰው ይደበደባል፤ በኤሌክትሪክም ይቃጠላል።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት መሥሪያ ቤት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በነሐሴ 2023 ባወጣው መግለጫ፣ በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያም 100,000 ያህል ሰዎች እንደዚህ ተገደው ሳይሠሩ እንዳልቀሩ አስታውቆአል። በየካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምያዋዲ አካባቢ ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከአንድ ሩቅ አገር የሄደ ሕዝብ ከ20 አገሮች ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ ሆኖ መገኘቱ ልብን የሚያሳዝን ነው። ከዚያም በኋላ ባሉት ሳምንታት 7,000 ያህል ሰዎች ከየግቢው ተለቀቁ፤ የአናጢው የእኅት ልጅም የወጣው ከእነዚህ ጋር ነው።

አናጢው ይህን ሰምቶ እንባው መጣ። «ልጄ፣ አንተ ምን አደረግህ? እጅህ ነው እንጂ ልብህ አልሠራም። ያ የፊልሙ ሰው እንኳ ጓደኛውን የገደለው እርሱ አይደለም ተብሎ የለም?» አለው።

ጐልማሳው ግን ራሱን ነቀነቀ። «በእርሱ አንጎል መሣሪያ ገብቶበታል፤ እምቢ ሊል አይችልም። በእኔ አንጎል ምንም አልገባም ጋሼ። በትር ነው የነበረው። በትርና ትእዛዝ ከውጭ ናቸው።» ዝም ብሎ ቆይቶም አንድ ነገር ጨመረ። ከሚያታልላቸው ሰዎች አንዱ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነበር። በየማለዳው ስለ ገንዘብ ሳያነሣ «ቁርስ በላሽ ወይ?» ብሎ ይጽፍ ነበር። ገንዘቡን ሊልክ በተዘጋጀበት ቀን፣ ጐልማሳው «አይላኩ» የሚል ቃል ጻፈ። አለቃው በስተ ኋላው ሲራመድ ሰማና ቃሉን ደመሰሰው። ሽማግሌውም ላከ። «ያን ቃል የደመሰሰው የማንም እጅ አይደለም፤ የእኔ ነው። ፈረስም ነበርሁ፤ በእርሱ ላይ ግን ጋላቢ ነበርሁ» አለ።

አናጢው መልስ አጣ። ከቤት ውስጥ የተኵሱ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ከፊልሙ ውስጥ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ። ትእዛዙ ከተጫዋቹ እጅ ተነሥቶ ወደ ታዛዡ አካል እስኪደርስ ጥቂት ይዘገያል። መዘግየቱ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ብዙ ተዋጊዎች ይሞታሉ። ስለዚህ ቲልማን ልጁን ሳይመንን ልጓሙን እንዲለቅለት ለመነው፤ ልጁም ለቀቀለት፤ ያን ጊዜ በራሱ ፈቃድ ተዋግቶ ከጨዋታው ሜዳ አመለጠ። በፊልሙ ያች የመዘግየት ቅጽበት የሞት በር ናት። በእውነተኛው ዓለም ግን በትእዛዝና በሥራ መካከል ያለችው ቅጽበት የሰውነት በር ናት። ግፈኛ በበትር ሊያጠብባት፣ በረኀብም ሊያቀጥናት ይችላል፤ ፈጽሞ ሊዘጋት ግን አይችልም። ጐልማሳው «አይላኩ» የሚለውን ቃል የጻፈው በእርስዋ ገብቶ ነበር፤ የደመሰሰውም በእርስዋ ሳለ ነው። ስለዚህ ጸጸቱ ፍርድ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሆኖ መቅረቱንም የሚመሰክርለት ነው። ፈረስ አይጸጸትምና።

ይህ ማለት ሰው ለማንም አይታዘዝ ማለት አይደለም። በሱሉልታ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ በሆነው ሜዳ ላይ፣ ቀነኒሳ በቀለም ባሠራው የሩጫ መም፣ በየማለዳው ሯጮች በአሠልጣኝ ፊሽካ ይሮጣሉ። ፍጠን ሲላቸው ይፈጥናሉ፤ ቀንስ ሲላቸው ይቀንሳሉ። ነገር ግን ድካሙም የራሳቸው፣ ድሉም የራሳቸው ነው፤ አልችልም ብሎ የወጣውንም ማንም አይደበድበውም። የቅኔ ተማሪም እንደዚሁ በመምህሩ መንገድ ይሄዳል፤ ቅኔውን ሲቈጥር ግን ምሥጢሩን ከገዛ ልቡ ያወጣል። መልካም መታዘዝ ታዛዡን ያሳድገዋል፤ ግልቢያ ግን ፈረሱን አድክሞ ጋላቢውን ያደነድናል። ጋላቢው የሚደነድነው ሕመሙ በልጓሙ ወደ እርሱ ስለማይመለስ ነው። ሳይመንም ሆነ ከግቢው አለቆች አንዱ፣ የወደቀው ሰው ሲቃ ከእጁ አይደርስም። በፕሌይስቴሽን ቤት የወደቀው ወታደር እንደሚነሣ፣ ያ ሽማግሌም የሚነሣ ይመስላቸዋል።

በፊልሙ መጨረሻ ካስል ቲልማንን በአሳቡ ብቻ ሊያንቀሳቅሰው ሲታገል፣ ቲልማን ቢላዋው በሆድህ ሲገባ አስበው አለው። ካስል አላስብም ሊል አልተቻለውም፤ በገዛ አሳቡም ያንቀሳቀሰው ቢላዋ በራሱ ላይ ገባ። የሌላውን ሁሉ ልጓም የያዘው ሰው ለገዛ አሳቡ ልጓም አልነበረውም። ልጁ ይህን አይቶ ሲስቅ አባቱና ጐልማሳው ወደ ቤት ገቡ።

ያን ሌሊት አናጢው ለእኅቱ ልጅ የነገረው ቃል ጥቂት ነው። «የላከውን ሽማግሌ ልትመልሰው አትችልም። የእትዬ ልጅ ግን ገና አልሄደም። ሐሙስ ነው የሚሄደው። አሁንስ ከኋላህ የሚራመድ አለቃ አለ ወይ?»

ጐልማሳው ማክሰኞ ማለዳ አጥሩን ዞሮ ወደ መበለቲቱ ቤት ሄደ። መናገር ማለት በመንደሩ ሁሉ ዘንድ «አታላይ ነበር» መባል እንደ ሆነ ያውቅ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ዝም ያሰኘውም ይህ ነው። ከደጃፉ ደርሶ ቆመ፤ ተመልሶ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ እንደ ገና ተመለሰ። «እትዬ፣ አንድ ያልነገርሁዎት ነገር አለ» ብሎ ጀመረ። ልጅዋ አላመነም፤ ተቈጣ፤ «ተመልሰህ ስትመጣ ሌላው እንዳይሄድ ቀናህ» አለው። እርሱ ግን አልመለሰለትም፤ ሸሚዙን ገልጦ በጀርባው ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አሳየው። እናቱ አየችና ነጠላዋን ወደ አፍዋ ወሰደች።

ሐሙስ መጣ፤ ልጁ አልሄደም። ፈጽሞ ቀርቻለሁ አላለም፤ ፓስፖርቱ በእናቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ደላላው ብሩን አልመለሰም፤ ላሞቹም በሌላ ሰው በረት ናቸው። ጐልማሳው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሥራው አገር የሚጠይቀው ወጣት ሲመጣ «ደኅና ነበርሁ» ብሎ አያሰናብትም፤ አስቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነግረዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ትእዛዝ ሲመጣ በትእዛዙና በእጅህ መካከል ያለችውን አጭር ቅጽበት አትናቅ። በውስጥዋ የተጻፈው ቃል ቢደመሰስም፣ ሰው በሕይወት ሳለ እንደ ገና ሊጻፍ ይችላልና።