ሞዛርት፣ እናቴ እና ያ ሲዲ

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ ለአንድ የሲዲ ጥቅል የከፈልኩትን ገንዘብ ለባለቤቴ እስከ ዛሬ በትክክል አልነገርኩትም። ሽፋኑ ላይ የሚስቅ ሕፃን አለ፤ ከሥሩ “በሳይንስ የተረጋገጠ” ይላል። እናንተም እንዲህ የሚል ነገር ገዝታችሁ ይሆናል። ከወለድኩ በኋላ እናቴ ልታርሰኝ መጥታ ልጄን እሹሩሩ ስትላት፣ “እማዬ፣ ቆይ፣ ሞዛርት ልክፈትላት” ብዬ አስቆምኳት። ምንም አላለችም። ልጅቷን ሰጥታኝ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ነገሩን ያጣራሁት ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ጥናቱስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ፍራንሲስ ራውሸርና ሁለት ባልደረቦቿ ኔቸር በተባለው ስመ ጥር የሳይንስ መጽሔት ያሳተሙት፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው። 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ለ10 ደቂቃ ሞዛርት ሰምተው ቅርጽን በአእምሮ የማገላበጥ ፈተና ወሰዱ። በዝምታ ከተቀመጡ በኋላ ካገኙት ውጤት 8 ወይም 9 ነጥብ በለጡ። ለውጡ ከ15 ደቂቃ አላለፈም። ከተፈተኑት መካከል አንድም ሕፃን አልነበረም!

ተመራማሪዎቹ ሕፃናት ሊቅ ይሆናሉ አላሉም። ያለው ገበያው ነው። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ገዢ ዜል ሚለር እ.ኤ.አ. በ1998 ለአራስ ሕፃናት ክላሲካል ሙዚቃ ለማደል 105,000 ዶላር ጠየቁ። ቤቢ አንስታይን የተባሉት የሕፃናት ቪዲዮዎች ዓለምን አዳረሱ፤ የያኔው ባለቤቱ ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገዙ ወላጆች ገንዘባቸውን እመልሳለሁ እስኪል ድረስ። (የእኔን ማን ይመልስልኝ?) ክሪስቶፈር ቻብሪስ ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1999 በዚያው ኔቸር ላይ 16 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር ለውጡ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ነበር።

እኔን ያሳሳተኝ “ባለሙያዎች ገምግመውታል” የሚለው ነው። ጥናት ከመታተሙ በፊት የሙያ አቻዎች ያዩታል፤ የአቻ ግምገማ ይሉታል። እኔ እንደ ማኅተም ቆጠርኩት። ገምጋሚዎቹ ግን የሚያነቡት ጽሑፉን ነው፤ ሙከራውን ደግመው አይሠሩትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው፣ ይህን ግምገማ አልፈው የታተሙ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደግመው ሲሠሩ፣ ያው ውጤት የተገኘው ከ40 ባነሱት ነው።

በቅርቡ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ለሁለተኛው ልጄ “አእምሮ ማበልጸጊያ” ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ። “ጥናቱ የተሠራው በስንት ዓመት ልጆች ላይ ነው? ሌላ ሰው ደግሞ ሞክሮታል?” አልኩ። አስተባባሪዋ “በጆርናል የወጣ ነው” አለችኝ። አልከፈልኩም።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ልጁን አዝላ ነበር። “ታዲያ ዛሬ ሞዛርትሽን አትከፍቺለትም?” አለችኝና እሹሩሩዋን ቀጠለች።