ጉዱ ካሣና አስናቀ ቤት ቢከራዩ

ኮልፌ እኛ ግቢ ያለችው ሰርቪስ ቤት ተለቃለች እንበል። ሁለት ሰዎች በሩን አንኳኩ። አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ፣ ሌላው የ«ሰው ለሰው» ድራማው አስናቀ። እማዬ ለማን ታከራያለች?

ለመፍረድ አትቸኩሉ! እማዬ ጉዱ ካሣን በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ እየሰማች «እውነቱን እኮ ነው» ስትል ያደገች ሴት ናት። በ2000ዎቹ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ በኢቲቪ ብቅ ሲል ደግሞ ሲኒዋን አስቀምጣ ትራገመው ነበር።

ግን እስቲ አስቡት። ካሣ በገባ በሳምንቱ ከእድሩ ዳኛ ጋር ይጣላል፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ወጉን ሁሉ ይተቻል፤ ሰፈሩም «ነካ ያደርገዋል» ይላል። አስናቀስ? ሱፉን ግጥም አድርጎ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይከፍላል። ለእድሩም ድንኳን ይገዛል። ማታ ማታ ምን እንደሚሸርብ ማን ይጠይቀዋል?

ጋዜጠኝነት ስማር እንደ ካሣ ሁኚ ተብያለሁ። የት ተከራይቼ እንደሆነ ግን አልተነገረኝም።

እሑድ ቡና ላይ እማዬን ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና፣ «ካሣ ጎረቤት ይከራይ፤ ቡና እንጠራዋለን» አለች።