ተዋበች ምን ብላ ትዝፈን?

ደብረ ታቦር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ወይ ቡሄ ነው፤ ወይ ጋፋት ላይ የተሠራው የሴባስቶፖል መድፍ ነው። እኔ ግን ከጕና ተራራ ግርጌ ያደግሁ ሰው ስሆን፤ ከመድፉ ይልቅ የአንዲት ሴት ነገር ሲያሳስበኝ ኖሯል። እርስዋም የራስ ዓሊ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት፣ እቴጌ ተዋበች ናት።

ታሪኩን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የየጁ መሳፍንት ያስቸገራቸውን ካሣን በጋብቻ ለማሰር ሲሉ ተዋበችን ዳሩለት። እርስዋ ግን ማሰሪያ ገመድ ሆና አልቀረችም፤ ከልብዋ ወደደችው። ካሣ ቆስሎ ተኝቶ ሳለ፤ ለመታከሚያ የሚሆን ሰንጋ ከሚስቱ አያት ከእቴጌ መነን ቢለምን፤ የተላከለት አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ነበረ፤ ያን ጊዜ በዘመዶችዋ ተቈጥታ ባልዋን ለበቀል ያነሣሣችው ተዋበች ናት ተብሎ ይተረካል። በ1845 ዓ.ም. ካሣ አይሻል ላይ አማቱን ድል ሲነሣ፤ ለተዋበች ያባትዋ መውደቅና የባልዋ መነሣት ባንድ ቀን ዋሉ። ያባትዋ መቀመጫ የነበረችው ደብረ ታቦርም የባልዋ ከተማ ሆነች። እርስዋ በ1850 ዓ.ም. ስትሞት የንጉሡ ሐዘን ልክ አልነበረውም።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ይህን ታሪክ በዘፈን ትያትር ለማድረግ ያሰብነው፤ ካንዱ ጓደኛችን ዘንድ አንድ የኮሪያ ፊልም ካየን በኋላ ነው። ፊልሙ በ1992 ዓ.ም. ኢም ክዎን ቴክ የሠራው «ቹንህያንግ» ነው። ቹንህያንግ የአንዲት የመኳንንት ዘፋኝ ልጅ ናት። የአገረ ገዥው ልጅ በምሥጢር አግብቷት ወደ ዋናው ከተማ ይሄዳል። በኋላ የመጣው አገረ ገዥ ለእኔ ሁኚ ቢላት «ባል አለኝ» ብላ እምቢ ትላለች፤ ትገረፋለች፤ ትታሰራለች። በመጨረሻም ባልዋ የንጉሥ መርማሪ ሆኖ፤ ለማኝ መስሎ መጥቶ ያድናታል።

ኮሪያዎች ይህን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ «ፓንሶሪ» በሚባል ዜማ ይተርኩታል። አንድ ሰው እየዘፈነና እየተናገረ ለሰዓታት ይቆማል፤ አንድ ሰው ከበሮ ይመታለታል፤ አድማጩም በመካከሉ «እሰይ!» እንደ ማለት እየጮኸ ያበረታዋል። ኋላ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ያንዱን ዘፋኝ ሥራ ለብዙ ተጫዋቾች አከፋፍለው መድረክ ላይ አወጡት። እኔም ይህን ስሰማ «ይህማ ‹ተቀበል!› የምንለው የኛው አዝማሪ ነው!» አልሁ።

እንዲህ ካልሁ ዘንድ ወደ አዝማሪ መሄድ አይገባኝም ነበርን? አልሄድሁም። አራታችን ተሰብስበን በኪቦርድ የሚታጀቡ ዐሥራ አንድ ዘፈኖች ጻፍን፤ ርእሱንም «ተዋበችና ካሣ» አልነው። እውነቱን ለመናገር፤ ማሲንቆ የያዘ ሽማግሌ ከኛ ጋር ቢታይ ያሳፍረናል ብለን ነው።

ለቡሄ አገር ቤት ስገባ ግን ልቤ አላርፍ ስላለኝ ጽሑፉን ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ሄድሁ። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፤ ይቺ ሴት የምትዘፍነው ስትሞት ብቻ ነው?» አሉኝ።

«አባባ፤ ታሪኩ እኮ የቴዎድሮስ ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ስምዋን ከርእሱ አውጣላት።»

ቤቴ ገብቼ ብቈጥር እውነታቸውን ነበረ። ለካሣ ሰባት ዘፈን፣ ለወታደሮቹ ሦስት፣ ለተዋበች አንድ። ያን ጊዜ የቹንህያንግ ግርፋት ትዝ አለኝ። በእያንዳንዱ ምት ላይ፤ በቍጥሩ ጀምራ አንድ አንድ ስንኝ ትመልሳለች፤ ለአንደኛው በአንድ፣ ለሁለተኛው በሁለት። ኮሪያዎች ዘፈኑን የሰጡት ዝም በይ ለተባለችው ነው። እኛ ግን ታሪክ ዝም ያሰኛትን ሴት ይባስ ብለን አፍዋን ዘጋንባት።

በማግሥቱ ተመልሼ «የአይሻል ለት ምን ብላ ትዝፈን? ለአባትዋ ብታለቅስ ባልዋን ከዳች፤ ለባልዋ እልል ብትል አባትዋን ቀበረች» ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ማሲንቆአቸውን አንሥተው «ሰሙ ለባልዋ፤ ወርቁ ለአባትዋ ይሁን፤ ቅኔ የተሠራው ለምን ይመስልሃል?» አሉ። በዚህ ቃል እኛ ወር ሙሉ የሸሸነው ነገር ተፈታ። ሠርጉ በአንቺ ሆዬ፣ ሞትዋ በትዝታ እንዲሆን፤ ኪቦርዱም እንዲቀር ተስማማን። እርሳቸውም መድረክ ላይ ቁጭ ብለው ታሪኩን ሊመሩልን ፈቀዱ።

ችግሩ እቤት ነበረ። አባቴ ይህን ሲሰማ «ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ ከአዝማሪ ጋር ልትዞር ነው?» አለ። እኔም የፓንሶሪ ዘፋኞች ድሮ እንደ ዝቅተኛ ወገን ይቈጠሩ እንደ ነበረ፤ ዛሬ ግን አገራቸው በክብር እንደምትይዛቸው ነገርሁት። ዮፍታሔ ንጉሤም ቅኔ የተማረ ሰው ሳለ፤ በትያትሮቹ ውስጥ ዘፈን ማግባትን አልናቀም አልሁት። አባቴ አልመለሰልኝም። አያቴ ግን ከምድጃው አጠገብ ሆና «ተዋበችን ሲድሯት ማን ጠየቃት? እኔንስ ማን ጠየቀኝ? እስቲ ልጁ ይጠይቃት» አለች። አባቴ ዝም እንዳለ ነው፤ እኔም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ለመቍጠር ገና አልደፈርሁም።

አሁን ዘፈኖቹን እንደ ገና ከፋፍለናል፤ ለተዋበች አምስት ደርሰዋታል። አራቱ ተጽፈዋል። የአይሻሉ ግን፤ ባንድ ስንኝ ለባል እልል የሚለውና ለአባት የሚያለቅሰው፤ አልተገኘም። ከእናንተ መካከል ቅኔ ቤት የዋለ ወይም የዋለች ብትኖሩ እባካችሁ አትንፈጉን። ታላላቆቻችን ለንጉሡ ብዙ ጽፈውለታል፤ ለእርስዋ አንዲት ስንኝ ብናዋጣ ምን ይጎድልብናል?